የጠመንጃ ሕግ በማን ላይ ይሠራል? ከጎንደር የሚነሣ ጥያቄ

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን የመጨረሻዎቹ አስር ቀናት ውስጥ፣ ጎንደር ከተማ ላይ ለቀብር በወጡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ተፈጸመ። የአማራ ክልል እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት ከ20 በላይ ሰዎች መገደላቸውን፣ በጥቃቱም ከባድ መሣሪያና ቦምብ መተኮሱን በወቅቱ አስታውቋል። በዚያ ቀን አገሪቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ነበራት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከጸደቀ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

አዋጁ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መነገድንና ማዘዋወርን ይከለክላል። ከእርሱ በፊት ሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎች በዋናነት የሚከሰሱት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 481 ነበር። ሕጉን የማውጣት ሥልጣንም አያከራክርም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ስለ ጦር መሣሪያ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል።

ታዲያ ሕጉ በፍርድ ቤት ሊሞገት ይችላል? እዚህ ላይ የአሜሪካን ማየት ይጠቅማል። በዚያ አገር ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድምፅ ማፈኛና አጭር አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ የሚገዛ ሰው 200 ዶላር ግብር ከፍሎ በፌዴራል መዝገብ ይመዘገብ ነበር። በ2025 የወጣ ሕግ ይህን ግብር ከጥር 2026 ጀምሮ ዜሮ አደረገው፤ ምዝገባው ግን አልተነሣም። የመሣሪያ ባለቤቶችና ነጋዴዎች ወዲያው ክስ መሠረቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን በ1937 ያጸናው መንግሥት ግብር የመጣል ሥልጣን አለው ብሎ ነው፤ ግብሩ ከሌለ ምዝገባው በምን ይቆማል? ይላሉ።

በእኛ አገር መንገዱ ሌላ ነው። መደበኛ ፍርድ ቤት አዋጅን ሕገ መንግሥታዊ አይደለም ብሎ አይሽርም። አቤቱታው በአንቀጽ 84 መሠረት 11 አባላት ላሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይቀርባል፤ የመጨረሻ ቃል ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከዚህም በላይ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሣሪያ መያዝን መብት ሲያደርግ የእኛው እንዲህ ያለ መብት አልደነገገም። ስለዚህ «መሣሪያ መያዝ መብቴ ነው» ብሎ የሚሟገት ሰው ብዙ ርቀት አይሄድም።

ሊሞገት የሚችለው አፈጻጸሙ ነው። አንቀጽ 25 እኩልነትን፣ አንቀጽ 26 ከሕገ ወጥ ፍተሻ መጠበቅን፣ አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ይደነግጋሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንና መፈተሽን ፈቀደ፤ ለስድስት ወር ወጥቶ በአራት ወር ተራዘመ። እንዲህ ባለ ጊዜ ፈቃድ ያለው መሣሪያ የተወሰደበት ሰው ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መንገድ ይጠብበታል።

በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ ገበሬው በሬ ሸጦ ክላሽ ይገዛል፤ የአባቱን ጠመንጃም ይወርሳል። ከሱዳን በመተማ በኩል የሚገባው ኮንትሮባንድም አለ። ጦርነት ባለበት ምድር «ትጥቅ ፍታ» ለተባለ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ከፈታሁ በኋላ ማን ይጠብቀኛል?» የሚል ነው። በቁጥር ጥቂት ለሆነው የከተማው ሙስሊም ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። አንዱን ሰፈር ፈትሾ ሌላውን የሚያልፍ የትጥቅ ማስፈታት ያልታጠቀውን ለታጠቀው አሳልፎ ይሰጣል።

መልሱ ሁሉም ይታጠቅ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀስት ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። መሣሪያ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ገደብ እንደሚያስፈልገው ዲናችን ቀድሞ አስተምሮናል። የሚጠየቀው ገደቡ በሁሉም ላይ እኩል እንዲሠራ ነው።

ስለዚህ ከመንግሥት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ፍተሻና ምዝገባ ሃይማኖትና ሰፈር ሳይለይ ይካሄድ፤ ለተወሰደ መሣሪያ ደረሰኝ ይሰጥ፣ ባለቤቱም አቤት የሚልበት ፍርድ ቤት ይኑር፤ በሚያዝያ 2014 የተተኮሰው መሣሪያ ከየት እንደመጣና ማን እንደተኮሰው በችሎት ተጣርቶ ለሕዝብ ይነገር። ፈቃድ ያላችሁ ወንድሞችም የፈቃዳችሁን ቅጂና የመሣሪያውን ቁጥር በቤታችሁ አስቀምጡ። ችሎት ፊት የሚያቆማችሁ ማስረጃ እርሱ ነው።