«የሰው ቤት» ሁሉ አንድ አይደለም



እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ላይ አንድ የማውቃቸው ቤተሰብ ለሽምግልና ጠሩኝ። በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ሽማግሌ ለመባል አይበቃም፤ በስደት አገር ግን ሽማግሌ ሲጠፋ ጎልማሳውም ይሸመግላል። የሄድኩት የባልና ሚስት ጠብ መስሎኝ ነበር። ጠቡ ግን የአባትና የልጅ ሆኖ አገኘሁት።

ልጅቷ የመምህርነት ሙያ ተማሪ ናት። ለመመረቅ የቀራት የማስተማር ልምምድ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲዋ ከልምምዱ አሥሩን ሳምንት እዚሁ፣ ስምንቱን ሳምንት ደግሞ ኮስታ ሪካ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንድታስተምር ዕድል ሰጣት። እስከዚህ ድረስ አባት ደስተኛ ነበሩ። «የምትኖሪውስ የት ነው?» ብለው ሲጠይቁና ልጅቷ «ከአንድ የአገሩ ቤተሰብ ጋር» ስትላቸው ነገሩ ተበላሸ።

«ወንድሜ፣ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ታክሲ የነዳሁት ልጄ የሰው ቤት እንድትገባ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ሆቴል ትያዝ፣ እኔ እከፍላለሁ። ካልሆነ ትቅር።» እናት ቡናውን እየቀዱ ዝም ብለው ሰነበቱና በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «እኔ የምፈልገው የመኝታዋ በር ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ ማወቅ ነው።»

ይህን የምጽፈው የሰው ገመና ለማውጣት አይደለም። ቤተሰቡ ፈቅደውልኛል። የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ሌሎች ወላጆችም ተመሳሳይ ነገር ስላማከሩኝና የአብዛኞቻችን መልስ ገና ሳንጠይቅ «አይሆንም» ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ለአባት ፍርድ እንስጥ። «የሰው ቤት» በእኛ ጆሮ ቀላል ቃል አይደለም። የሰው ቤት ያደገ ሲባል እናት አባት ያላሳደገው ማለት ነው። የሰው ቤት የገባች ሲባል ደግሞ በግርድና የተቀጠረች ማለት ነው። በዚህ ላይ በዐረብ አገሮች ያሉ እኅቶቻችን ያዩትን መከራ ሁላችንም እናውቃለን። ከፋላ የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ያስራል። ብዙዎቹ ፓስፖርታቸውን ተነጥቀው፣ በር ተቆልፎባቸው ኖረዋል። በ2020 ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስ በተመታች ጊዜ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ በዓይናችን አይተናል። እንዲህ ያለውን ያየ አባት ልጁ ባዕድ ቤት ልትኖር ነው ሲባል ቢደነግጥ «ኋላ ቀር» ሊባል አይገባውም።

ነገር ግን ፍርሃት ጥሩ ጠባቂ እንጂ ጥሩ ዳኛ አይደለም። የቤይሩቷን እኅታችንን የጎዳት ባዕድ ቤት ማደሯ ብቻ አይደለም። የጎዳት ፓስፖርቷ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ፣ ቁልፍ የሌላት መሆኗ፣ ስልክ መደወል አለመቻሏ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «በቃኝ» ብላ መውጣት አለመቻሏ ነው። ተማሪዋ ግን ሠራተኛ አይደለችም። ለምግቧና ለመኝታዋ ይከፈልላታል፤ ፓስፖርቷ በቦርሳዋ ነው፤ ካልተስማማት ቤት ትለውጣለች ወይም ትመለሳለች። ሁለቱም «የሰው ቤት» ይባሉ እንጂ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የእስረኛና የእንግዳ ልዩነት ነው።

ነገሩም ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ወጣቶችን ባዕድ ቤተሰብ ዘንድ አኑሮ ማስተማርን በአሜሪካ ካስፋፉት ድርጅቶች አንዱ፣ «ኤክስፔሪመንት ኢን ኢንተርናሽናል ሊቪንግ» የተባለው፣ የተመሠረተው በ1932 ነው። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዕጩ መምህራኑን መጀመሪያ በአገር ውስጥ፣ ከዚያም በውጭ አገር እያሰማራ ሲያስተምር ቆይቷል።

እኛስ ብንሆን? በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በር ከከፈተላቸውና ከሱዳን ካምፖች ከመጡት ወገኖቻችን መካከል የመጀመሪያዎቹን ወራት ስፖንሰር ባደረጓቸው የቤተ ክርስቲያን ምእመናን ቤት ያሳለፉ አሉ። ዛሬ እነዚያን ፈረንጆች «እናቴ፣ አባቴ» እያሉ የሚጠሩ አሉ።

በዚያ ምሽት ግን ይህን ሁሉ አላወራሁም። አባትን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው፦ «ጋሼ፣ እርስዎን ያስተማረዎት ማነው?»

ጋሼ ያደጉት በጎጃም አንዲት አነስተኛ ከተማ ነው። የዕድሜ ባለጠጎች እንደሚያስታውሱት በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየሄዱ ያገለግሉ ነበር። አብዛኞቹም የሚያገለግሉት በመምህርነት ነበር። ከእነዚህ አንዱ በጋሼ እናት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ተቀመጠ። «ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር» አሉ ጋሼ ፊታቸው እየፈታ። «እናቴ ‹የሰው ልጅ ነው፣ እናቱ ሩቅ ናት› እያለች ከኛ በፊት ለእሱ ነበር የምታቀርብለት። ማታ ማታ በኩራዝ ሒሳብ ያስጠናን ነበር። እኔ ለትምህርት የበቃሁት በእሱ ነው።»

«ታዲያ ያ ልጅ የገባው የማን ቤት ነው?» አልኳቸው።

ጋሼ መልስ አልሰጡኝም። ሲኒያቸውን አስቀመጡና ወደ ልጃቸው ዞረው «የሰዎቹ ስልክ አለሽ?» አሏት። ሽምግልናው በዚሁ አለቀ።

ልጅቷ በ2024 ሚያዝያ ሄደች። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ የሚል አልነበረም፤ እሱንም መደበቅ አያስፈልግም። እዚህ አገር የተወለዱ ልጆቻችን በር ዘግቶ ብቻ መብላትን ለምደዋል። እሷም ሳህኗን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። የቤቱ እመቤት አዘኑ። ጠዋት በሩዝና በባቄላ የሚሠራውን የአገሩን ቁርስ ከእንቁላልና ከክሬም ጋር ሲያቀርቡላትም እንቁላሉንና ክሬሙን ወደ ጎን አደረገችው። ሴትዮዋ ምግባቸውን የናቀችባቸው መሰላቸው። ለካ ልጅቷ ሁዳዴን ትጾም ነበር! ካቶሊኮቹ መጋቢት 31 ቀን ፋሲካን አክብረው ጨርሰዋል፤ የእኛ ፋሲካ በዚያ ዓመት ግንቦት 5 ቀን ነበር። «ጾሙ እኮ አልቋል» ሲሏት «የእኛ ገና ነው» አለች። በተሰባበረ ስፓኒሽ ይህን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀባት። ከዚያ በኋላ ግን ሩዝና ባቄላው ብቻውን ይቀርብላት ጀመር።

እናት በስልክ «ልጄ ትተኛለች?» ብለው ሲጠይቁ ልጅቷ ራሷ እያስተረጎመች ሴትዮዋ የመለሱት «መተኛቱንስ ትተኛለች፤ አትበላም እንጂ!» የሚል ነበር። እናት ሳቁ። ቋንቋ የማይግባቡ ሁለት እናቶች በአንድ ጉዳይ ተግባቡ። የእኛ ፋሲካ በደረሰ ጊዜ ደግሞ እኚያ ሴት የእነሱ በዓል ካለፈ ከአምስት ሳምንት በኋላ ዶሮ በሩዝ ሠርተው ልጅቷን አስፈሰኳት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከማስተማር ጋር ምን አገናኘው? የሚል አንባቢ ይኖራል። ዋናው ነጥቤ ይኸው ነው።

በኮስታ ሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ አገራችን በፈረቃ ያስተምራሉ። በልጅቷ ክፍል በከሰዓት ፈረቃ የሚማር፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ነበር። በልቧ «ሰነፍ» ብላ መዝግባዋለች። አንድ ቀን ማታ ቡና እየጠጡ ስሙን ስታነሣ የቤቱ እመቤት አወቁት፤ የጎረቤት ልጅ ነው። እናቱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ እስከ እኩለ ቀን ትንሽ እኅቱን የሚጠብቀው እሱ ነው። ይህን ከትምህርት ቤቱ መዝገብ አታገኘውም ነበር፤ ሆቴል ብታድርም አታገኘውም ነበር። ያገኘችው ከዚያ ቤት ማዕድ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልጆች እንምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዲት እናት ላስተረጉም አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። አስተማሪዋ «ልጁ አያከብረኝም፤ ሳናግረው መሬት መሬት ነው የሚያየው» አለች። እናትዮዋ በድንጋጤ «እኔ እኮ ታላቅ ሲናገርህ ዓይንህን ስበር ብዬ ነው ያሳደግኩት!» አለች። አስተማሪዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ዓይንን መስበር አክብሮት የሆነበት ቤት ገብታ አታውቅም፤ ይኸው ነው። ልጃችን ግን የማያከብር ልጅ ተብሎ ተጽፎበታል።

የእኛ ልጆች ስንቱ ነገር በዚህ ዓይነት ተተርጉሞባቸው ይሆን? አባትና እናት የሌሊት ፈረቃ ሲሠሩ ታናናሾቹን የሚያስተኛው፣ የባንክና የሐኪም ቤት ደብዳቤ ለወላጆቹ የሚያነበው ልጅ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሲያንጎላጅ «ግድ የለሽ» ይባላል። ይህን ሊረዳ የሚችለው አስተማሪ አንድ ጊዜም ቢሆን በሰው ማዕድ እንግዳ ሆኖ የተቀመጠ፣ ቋንቋ ያነሰው፣ ያልገባው ነገር ያሳፈረው አስተማሪ ነው። የራሳችን ልጅ እንዲህ ያለች አስተማሪ ልትሆን ስትነሣ በር ላይ የምንቆመው እኛው ከሆንን በማን እናማርራለን?

«ለምን ወደ ኢትዮጵያ አትሄድም?» የሚሉም አሉ። ጊዜው ሲፈቅድ ትሂድ፤ ደስ ይለናል። ነገር ግን ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ የነበረውን ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣውን ግጭት እያየ ተማሪ የሚልክ ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ አክስቷ ቤት ብታርፍ ዘመድ ትሆናለች እንጂ እንግዳ አትሆንም።

ሌላም እውነት አለ። ስምንት ሳምንት ሰው አገር ኖሮ «ሕዝቡን አወቅሁት» ማለት ድፍረት ነው። የዚያ አገር ልጆችም የእኛ ልጆች መለማመጃ አይደሉም፤ ስለዚህ የክፍሉ መምህር አብሯት መኖር አለበት። ደግሞም ተቀባይ ቤተሰብ ሁሉ ደግ ነው አልልም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከመከልከል በፊት ጠይቁ።

አንደኛ፣ ቤተሰቡን የመረጠው ማነው? ቤቱን በአካል ሄዶ ያየው ሰው አለ ወይ? ሁለተኛ፣ የራሷ ክፍል አላት ወይ? እናትዮዋ እንዳሉት በሩስ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? ሦስተኛ፣ ነገር ቢበላሽ በሌሊትም ቢሆን የምትደውልለት ኃላፊ እዚያው አገር አለ ወይ? ቤት መለወጥስ ትችላለች ወይ? አራተኛ፣ የጤና ኢንሹራንሱ እዚያ ይሠራል ወይ? አምስተኛ፣ የመምህርነት ፈቃድ የሚሰጠው ስቴቱ ስለሆነና ደንቡም ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ፣ ውጭ የተሠራው ልምምድ እንደሚቆጠር በጽሑፍ ይሰጧታል ወይ? ስድስተኛ፣ ወጪው ስንት ነው? የማስተማር ልምምድ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ በዩኒቨርሲቲው የጸደቀና ክሬዲት ያለው ከሆነ የፌዴራል የትምህርት ብድር ለውጭ አገርም ሊያገለግል ይችላል። ፓስፖርቷ ሁልጊዜ በእጇ ይሁን፤ ቅጂው እናንተ ዘንድ ይቀመጥ።

ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ከልክሉ፤ ማንም አይፈርድባችሁም። መልስ ከተገኘ ግን መርቃችሁ ሸኙ። ስትሸኙም ምከሯት፦ ባዶ እጇን አትግባ፤ ጾሟን በመጀመሪያው ቀን ትናገር፤ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ አትግባ፤ ትላልቆቹን ቆማ ሰላም ትበል። ይህን ምክር ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ አሳምራችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ልጅቷ ዛሬ በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ክፍሏ ውስጥ ስፓኒሽ የሚናገሩም አማርኛ የሚናገሩም ልጆች አሉ። ባለፈው ጊዜ ጋሼን አግኝቻቸው ስለ እሷ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ከሁሉ የሚቆጨኝ ያንን ቀጭን አስተማሪ እናቴ ቤት መልካም ነበር ወይ ብዬ ጠይቄው አለማወቄ ነው።»

ቸር ይግጠመን።