ሰዓት ለክንድ ወይስ ክንድ ለሰዓት?

በከተማችን አንድ ክፉ ልማድ ሥር ሰድዷል፤ የእጅ ሰዓት ክብር በስፋቱ ይለካል። ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የማየው የሰውን ፊት ሳይሆን የሰውን እጅ ነው። ለፊርማ በሚዘረጉት እጆች ላይ የድስት ክዳን የሚያህሉ ሰዓቶች ተጭነው አያለሁ። «ትልቅ ነው፤ ከውጭ ነው የመጣው» ከተባለ ክርክሩ ያበቃል። እኔ ግን ዛሬ ክርክሩን ልከፍተው ተነሥቻለሁ።

አስቀድሜ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ዱባይ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለሠርጌ ስጦታ ሰዓት ሊገዛልኝ የወራት ደመወዙን አጠራቀመ። ከሱቁ ደውሎ፣ «የእጅህ ልክ ስንት ነው?» ቢለኝ፣ «ጋሼ፣ ብቻ ትልቁ ይሁን» አልሁት። 44 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰዓት መጣ። የእኔ ክንድ ዙሪያው 16 ሴንቲ ሜትር ነው። ብር ስቆጥር መሙያው የእጄን ጀርባ ይወጋኛል፤ የሸሚዜ እጅጌ አልዘጋ ይላል፤ ያየኝ ሁሉ የማን እንደሆነ ይጠይቀኛል። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። ልክ ያልሆነ ነገርም ዋጋው ቢከፈልበት እንኳ የሰው ወርቅ ነው።

ትልቅነት ክብር ነው የሚሉኝ እስቲ ይመልሱልኝ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ክሪስቲስ ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊያቀርበው ሲል በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ከሽያጭ የተነሣው የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ስፋቱ 37 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወሩንና ዕለቱን፣ የጨረቃንም መልክ ሳይቀር በዚያች ጠባብ ፊት ላይ ያነብባል። ለንጉሠ ነገሥት ያላነሰ ስፋት ለእኔ ቢጤው የባንክ ጸሐፊ በምን ሒሳብ ያንሳል?

ሮሌክስም ቢሆን ኤክስፕሎረር የተባለውን ሰዓቱን እ.ኤ.አ. በ2010 ከ36 ወደ 39 ሚሊ ሜትር አሳደገው፤ በ2021 ደግሞ ወደ 36 መለሰው። በ2023 ባለ 40ውን ቢጨምርም 36ቱን አልተወም። ሠሪው ራሱ ወደ ጥንቱ ልክ ሲመለስ እኛ ለምን እንዘገያለን?

ደግሞም ስፋት ብቻውን ልክ አይደለም። ማሰሪያው የሚያያዝባቸውን የላይና የታች ጫፎች ተመልከቱ። በመካከላቸው ያለው ርዝመት ከክንዳችሁ ጠፍጣፋ ክፍል ካለፈ ሰዓቱ ድልድይ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ክርና ማስመሪያ ይበቃል።

«ውጭ አገር ይረክሳል» የሚለውንም ክርክር አልሸሸውም። እውነት ነው፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ2024 ጀምሮ 8.1 በመቶ የሆነውን የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ነዋሪነቱ በሌላ አገር የሆነ ገዢ ዕቃው ከ300 ፍራንክ በላይ ከሆነ ቅጽ ሞልቶና በጉምሩክ አስመትቶ ማስመለስ ይችላል። የዱባዩ ደግሞ ከ2018 ወዲህ 5 በመቶ ነው። ነገር ግን ውጭ አገር የመግዛት ትልቁ ትርፍ ታክሱ አይደለም። ትልቁ ትርፍ ልዩ ልዩ ስፋት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ በገዛ ክንድ መሞከሩ፣ ትርፉ የብረት ማሰሪያ እዚያው ተቀንሶ መስተካከሉ፣ የዋስትና ካርዱ ቁጥር ከሰዓቱ ቁጥር ጋር ዓይን ለዓይን መመሳከሩ ነው። በሰው እጅ ያስገዛ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ የታክሱን ቅናሽ ብቻ ይወስዳል። ክንድ በፖስታ አይላክም። መሄድ የማይችል ሰው ቢያንስ ልኩን ይላክ!

ወንድሜ ለፋሲካ በመጣ ቁጥር ያንን ሰዓት ከሳጥን አውጥቼ አስራለሁ፤ ሲሄድ እመልሰዋለሁ። እሱ ክንዴን አይቶ ፈገግ ሲል የምጸጸተው ለሰዓቱ አይደለም። ልኬን ጠይቆኝ ነበር፤ አንድ ክር ለመጠምጠም የሰነፍሁት እኔ ነኝ። የወራት ላቡ ሳጥን ውስጥ የቀረው በሱ ስስት ሳይሆን በእኔ ትምክህት ነው።

እጅ አንሶ አይደለም ሰዓት የከበደው፣
ዓይን ለሰው ብሎ ክንድን ስለካደው።