ከቡታጅራ የተገኘው ዕውቀት ለቡታጅራ ይድረስ

የአንጎል ምርምር ሲነሣ የብዙዎች ሐሳብ ወደ ሩቅ አገር ላቦራቶሪ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ከተካሄዱት ሰፋፊ የነርቭ ሕመም ጥናቶች አንዱ የተሠራው በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃንና ማረቆ ገጠሮች ነው። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራው ቡድን ቤት ለቤት ተዘዋውሮ 60,820 ነዋሪዎችን ያካተተ ጥናት አካሄደ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚያው አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው መርምሯል።

ጽሑፎቹ የታተሙት በእንግሊዝኛ ነው። በሩን ከፍቶ የቤቱን ገመና ለጠያቂ የነገረ አባወራ ሊያነባቸው አይችልም። የዚህ ክፍተት ዋጋ ቀላል አይደለም። የሚጥል በሽታ በንክኪ ይተላለፋል የሚለው እምነት ባለበት ቀዬ፣ ምድጃ ዳር የወደቀን ሰው ለማንሣት እጅ ያመነታል፤ ሰውየውም ይቃጠላል። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ሕክምና መስሎ ይቆያል። ሊነገር የሚገባው ግን አጭር ነው፦ ሕመሙ አይተላለፍም፤ የወደቀውን ከእሳትና ከውኃ አርቆ በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለማስገባት፣ መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል።

ይህን ማዳረስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻ እንጂ የተመራማሪ ሥራ አይደለም የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው፤ ቤቱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ነገር ግን «ለምን?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ በአንጎል ሴሎች መካከል ስለሚፈጠረው ያልተለመደ የኤሌክትሪክ ፍሰት በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ያለበት ያጠናው ሰው ነው። ተመራማሪውም በምላሹ ይማራል፤ መድኃኒት ለምን እንደሚቋረጥ ከታማሚው ቤተሰብ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በመሆኑም በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲና በቡታጅራ የሚሠሩ ወጣት የሕክምና፣ የሥነ ልቦናና የነርሲንግ ተመራማሪዎች በየክፍላቸው ተበታትነው ከሚቆዩ በአንድ ኅብረት ቢሰባሰቡ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረውና በየዓመቱ በመጋቢት ወር ግድም በልዩ ልዩ አገሮች የሚከበረው የአንጎል ግንዛቤ ሳምንት ጥሩ መነሻ ይሆናል። አዳራሽ መከራየት አያስፈልግም፤ ዕድሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የጀፎረው ዛፍ ጥላ አለ። ቋንቋውም አማርኛ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ሰው የሚግባባበት ጉራጊኛ፣ ማረቆኛ ወይም ስልጢኛ ሊሆን ይገባል።

ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን ትርፍ ጊዜ የሚሠራ በጎ አድራጎት አድርገው ሊያዩት አይገባም። የመመረቂያ ጥናት ሲጸድቅ ውጤቱ ለተጠኚው ማኅበረሰብ በምን መንገድ እንደሚደርስ አብሮ ይጠየቅ። መረጃ ሰጥቶ ውጤቱን ያልሰማ ሕዝብ ለሚቀጥለው ጠያቂ በሩን ባይከፍት አይፈረድበትም።