ከቀለሙ በፊት ሥሩን
በኢሉባቦር ያገለገለ ፎርዊል የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለስም ከሚያወጣ ለማርሹ ቢያወጣ ይሻለዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሰባት ዓመት ባለፋቸው ባለ ትልቅ ሞተር የቤት መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው መኪና እያረጀም ዋጋው አልቀመስ ያለው አንድም በዚህ ነው። ታዲያ አቅሙ ውስን የሆነ የመቱ ወይም የጎሬ ገዢ ላንድክሩዘር ካልሆነ ብሎ ለምን ይጨነቃል? ራቭፎር ቢያምርም ሎው የሚባለው ከባድ ማርሽ የለውም፤ የድሮው ሱዙኪ ቪታራ ፎርዊሉ ግን (ሁሉም ቪታራ ፎርዊል አይደለም፣ ልብ ይሏል) ትንሽ ቢመስልም ሻንሲው ለብቻው የተሠራ፣ ሎውም ያለው ነው። አዲስ አበባ በአስፋልት ለሚመላለስ ልዩነቱ አይታወቅም፤ በሐምሌ ዝናብ ወደ ቡና ማሳ ለሚወርድ ግን ይታወቃል። ደላላው «ሞተሩ ያልተፈታ» እያለ ሲምል ገዢው ከመኪናው ሥር ገብቶ ዝገቱን ይመልከት። ፎርዊሉን ጭቃ ወይም ኮረት ላይ ይሞክር፤ ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መጠምዘዝ ካምቢዮና ዲፈረንሻሉን ያስጨንቃል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክር። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርለትም፤ «ኋላ እናስተካክለዋለን» የሚል ሻጭ ካጋጠመው ትቶት ይሂድ። መኪናውን ሊያይ ከመቱ ሲነሳም የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ይጓዝ፤ የመካኒኩ አበል ከአንድ የተበላ ካምቢዮ ዋጋ ያንሳል።