ካድሚየም ትል አይደለም

የአቃቂ ወንዝ አትክልት በተነሳ ቁጥር አንድ ምክር አይጠፋም፦ በጨውና በአቼቶ ዘፍዝፎ፣ ደጋግሞ አጥቦ፣ በደንብ አብስሎ መብላት። ምክሩ ለአሜባና ለወስፋት የወጣ ነው፤ ለእነሱ ይሠራል። አሁን አሁን ግን ያው ምክር የከባድ ብረቶችም መድኃኒት ተደርጎ ይነገራል፣ ያውም ባለሙያ ነን ከሚሉ ሰዎች አፍ። ካድሚየም እሳት ሲነካው የሚሞት ትል መስሏቸው ይሆናል።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅና የሌላም ፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው በየእርሻው ያልፋሉ፤ ጎመኑ፣ ቆስጣውና ሰላጣው የሚጠጣው ይህንኑ ነው። ቅጠሉ ላይ ያረፈ አቧራና ጭቃ ሲታጠብ ይወርዳል፤ አብሮት ጥቂት እርሳስ ይሄድ ይሆናል። ካድሚየም ግን በሥር ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል። እዚያ ድረስ ዘልቆ ለቅሞ የሚያወጣው አቼቶ የለም። ቢቀቀልም ቢጠበስም ካድሚየም ያው ካድሚየም ነው።

ትንሹ አንጀት አይረን የሚያስገባበት በር አለው፤ ካድሚየምም በዚያው ሾልኮ ይገባል። አይረን ያነሰው ሰውነት በሩን ይበልጥ ስለሚከፍት፣ ደም ማነስ ያለባት ሴት ከሌላው ሰው አብልጣ ትወስዳለች። ጉዱ፣ «ለደምሽ ጎመን ብዪ» የምትባለው እሷው መሆኗ ነው። የገባው ጉበትና ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል፤ ኩላሊት የያዘው በግማሽ እስኪቀንስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። ኩላሊቱ ሲጎዳ ካልሲየምና ፎስፌት በሽንት ይባክናል፣ አጥንትም ይሳሳል። አይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ ካድሚየም የአንጀትን ባክቴሪያዎች ስብጥር ያዛባል፣ የአንጀትንም ግድግዳ ያሳሳል። እርሳስም ቢሆን የሄሞግሎቢንን መሠራት ያሰናክላል፤ ሲበዛ ሆድ ያደርቃል፣ ይቆርጣል። አዋቂ ከዋጠው እርሳስ አንድ አሥረኛ ያህሉ ወደ ደሙ ሲገባ፣ ሕፃን ላይ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

የእጥበት ሰባኪዎች ጃፓንን ቢያዩ ጥሩ ነበር። የካሚዮካ ማዕድን ማውጫ ፍሳሽ በጂንዙ ወንዝ በኩል የቶያማ ግዛትን የሩዝ ማሳዎች በካድሚየም በከለ። የጃፓን እናት ሩዝ ሳታጥብ አትጥድም፤ ውሃው እስኪጠራ ታሸዋለች። ያም ሆኖ አጥንታቸው እየለሰለሰ የሚሰበር፣ «ኢታይ ኢታይ»፣ ማለትም «አመመኝ፣ አመመኝ» የሚሉ ሴቶች በዙ። መንግሥት በሽታው ከማዕድን ማውጫው ካድሚየም የመጣ መሆኑን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ሩዙ በደንብ አልታጠበም ብሎ የፈረደ አልነበረም።

እዚህ ግን ጥፋቱ ከፋብሪካው ቱቦ ተነስቶ የባለቤቲቱ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ገብቷል። ለምሳሌ ሌላው ከባድ ብረት፣ የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ ከግቢ ሳይወጣ በኖራ ዘቅጦ ሊያዝ ይችላል፤ ዘዴው የቆየና የታወቀ ነው። ወጪው የባለ ፋብሪካው ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ መካሪዎቹ እሱን ሲያነሱ አይሰሙም።