ዓሣው ለእንቁጣጣሽ አይደርስም

ይህን የምጽፈው ጳጉሜ 1 ቀን ማታ በማኅበራችን ክፍል ውስጥ፣ ከአኳሪየሙ ፊት ለፊት ባለው ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ገንዳው ውስጥ ጨዋማ ውኃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ደረቅ ድንጋይ፣ አንድ ማሞቂያና አንድ ፓምፕ አለ። ዓሣ የለም። ሰሞኑን ወደ ክፍሉ የገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ዓሣው መቼ ነው የሚመጣው?» በቡድን ቻታችን ላይ በቁርጥራጭ ከምመልስ አንድ ጊዜ እዚህ ጽፌው ልገላገል፦ ለእንቁጣጣሽ አይደርስም። እንዲደርስ መሞከርም የለብንም።

ለማታውቁት፣ በተለይም ራቅ ብላችሁ ለምታነቡን የቀድሞ አባሎቻችን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ ኮሌጅ ከተመረቁ ታላላቆቻችን አንዱ በሰኔ ቤት ሲቀይሩ የባሕር ዓሣ ገንዳቸውን ከነዕቃው ለማኅበራችን ሰጡ። 40 ጋሎን ነው፤ ወደ 150 ሊትር ማለት ነው። ነሐሴ 20 ውኃ ሞላንበት። የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ቅዳሜ መስከረም 3 ነው፤ ሰጪውም በክብር እንግድነት ይመጣሉ። ታዲያ ኮሚቴው ውስጥ «ሰውዬው ባዶ ገንዳ ሊያዩ ነው ወይ?» የሚል ጭንቀት ገባ። ሁለት ክላውንፊሽ (ያው ኒሞ የምትሉት) እና ሦስት ዳምዝልፊሽ ከዝግጅቱ በፊት ይገዙ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ እሑድ ድምፅ ይሰጥበታል። እኔ እቃወማለሁ።

የምቃወመው መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ 20 ጋሎን የሚይዝ የራሴ ገንዳ ነበረኝ። ጨዉን ለካሁ፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ አደረግሁ፣ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ሻጩ «ውኃው ጠርቷል? እንግዲያው ዝግጁ ነው» አለኝና ሁለት ክላውንፊሽ ይዤ ገባሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ስታያቸው «ሙሽሮች ይመስላሉ» ብላ ሳቀች። ከገቡ በአምስተኛው ቀን አንደኛው የገንዳው ጥግ ላይ፣ ውኃው ጫፍ ተንጠልጥሎ፣ አፉን እየከፈተና እየዘጋ አገኘሁት። ስንጥቡ፣ ማለትም መተንፈሻው፣ ከወትሮው ይልቅ ቀልቷል። ውኃው ግን እንደ መስተዋት የጠራ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው። በሰባተኛው ቀን ሁለቱም አልነበሩም። እናቴ በደወለች ቁጥር «እነዚያ ሙሽሮችሽስ?» ትለኛለች፤ እኔም «ተኝተዋል»፣ «መብራታቸውን አጥፍቼ ነው» እያልኩ ወር ሙሉ ዋሸኋት።

ምን እንደገደላቸው የገባኝ በኋላ ነው። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወግደውን አሞኒያ ባብዛኛው የሚያወጣው በስንጥቡ በኩል ነው። ማለትም ዝም ብሎ ሲተነፍስ እንኳ ያወጣዋል፤ የተረፈ ምግብና ኩስ ሲበሰብስ ደግሞ ይጨመርበታል። ባሕር ውስጥ ይህ ከምንም አይቆጠርም። 75 ሊትር ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ይባስ ብሎ አሞኒያ በውኃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ ዓሣን የሚጎዳው መልክ ድርሻው የሚያድገው ፒኤቹ ከፍ ሲል ነው። የባሕር ውኃ ፒኤች 8.2 አካባቢ ነው። ከዚያው መጠን አሞኒያ ውስጥ መርዛማው ድርሻ፣ ፒኤቹ 7 ከሆነ ጨው አልባ ውኃ ጋር ሲነጻጸር፣ ከአስር እጥፍ ይበልጣል። የእኔ ሙሽሮች በገዛ ትንፋሻቸው ተቃጠሉ ማለት ነው፤ በጠራ ውኃ ውስጥ።

የዓሣ አርቢዎች «ሳይክል» የሚሉት ነገር ይህን የሚከላከለውን ነው። (ብስክሌት አይደለም፤ ባለፈው ስብሰባ አንድ ወንድማችን ከልቡ ጠይቋል።) አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት ብዙ እስካልሆነ ድረስ ዓሣ ይችለዋል፤ እኛም ውኃ እየቀየርን እንቀንሰዋለን። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በውኃው ውስጥ እየዋኙ ሳይሆን በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ ተጣብቀው ነው። አዲስ ገንዳ ላይ የሉም፣ ወይም ከቁጥር አይገቡም። መጠበቅ የምንለው እነሱ እስኪበዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎሲንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የከተማ ቆሻሻ ውኃን በአሸዋና በኖራ ድንጋይ ዓምድ ውስጥ ቀስ ብለው ያንጠባጥቡ ነበር። ለመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት አሞኒያው እንዳለ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ ናይትሬት መታየት ጀመረ። ዓምዱን በክሎሮፎርም ሲያጥኑት ደግሞ ሥራው ቆመ፤ የሚሠራው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን በዚህ አወቁ። ባክቴሪያዎቹን ለይቶ ያሳደጋቸው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፤ እሱም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። እኔን የያዘችኝ ያቺ 20 ቀን ናት። የእኛ ገንዳ መስከረም 3 ላይ ገና 19ኛ ቀኑን ነው የሚይዘው።

ደግሞስ ይህን ነገር ከእኛ ቤት የተሻለ ማን ያውቀዋል? አዲስ ቡሃቃ ውስጥ ጤፍ በንጹሕ ውኃ አቡክቶ፣ ያለ እርሾ፣ በማግስቱ ምጣድ የሚጥድ አለ? እዚህ አገር ስንመጣ እንኳ መጀመሪያ የምንፈልገው እርሾ የሚያበድረን ሰው ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ከባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ገንዳ አንድ ጣሳ የድንጋይ ስብርባሪ ለምኜ አመጣሁ። (አይፕቴዥያ የሚባል አስቸጋሪ ተባይ አብሮ እንዳይመጣ አንድ በአንድ በእጅ ባትሪ አይቻቸዋለሁ።) ግን ንጽጽሩን አልገፋበትም። ሊጥ በሁለት በሦስት ቀን ይነሣል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን ዘገምተኞች ናቸው። ሌላው ባክቴሪያ በግማሽ ሰዓት ራሱን ሲያባዛ፣ እነሱ ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይወስድባቸዋል። ስለ እንቁላሉ እግር እዚህ ላይ አልነግራችሁም፤ እናቶቻችን ጨርሰውታል።

አሁን ያለንበትን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ቀን አሞኒየም ክሎራይድ በመጠን ጨምረን አሞኒያውን 2 ፒፒኤም አደረስነው፤ ዓሣ ሳይኖር ባክቴሪያዎቹን መመገቢያ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ አልተነቃነቀም። እውነት ለመናገር ተስፋ ቆርጬ ነበር። በ9ኛው ቀን የመመርመሪያው ቀለም ከጥቁር አረንጓዴ ወደ ቀላል አረንጓዴ ዞረ፤ ቢጫ ሲሆን ዜሮ ማለት ነው። ዛሬ፣ በ12ኛው ቀን፣ ከግማሽ ወርዷል፤ የናይትራይቱም ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ሄዷል። ናይትሬቱን ገና አልለካሁም፤ ናይትራይት ባለበት ውኃ መመርመሪያው አግንኖ ያሳያልና ሰውን በከንቱ ያስደስታል። አበቃ የምንለው 2 ፒፒኤም አሞኒያ ጨምረን በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ነው። እንደ እኛው በደረቅ ድንጋይ ለተጀመረ ገንዳ ይህ ባብዛኛው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያም በኋላ አምስት ዓሣ በአንድ ቀን አይገባም። አንድ ወይም ሁለት፤ ባክቴሪያው የሚበዛው በሚያገኘው ምግብ ልክ ነውና።

ዳምዝልፊሽ ይገዛ ያሉት ወንድሞችና እህቶች ሐሳባቸውን ከየትም አላመጡትም። ድሮ የተለመደ ዘዴ ነበር፤ ርካሽና ጠንካራ ስለሆነ አሞኒያውን እሱ እንዲያመነጭ ይከቱታል፤ ከሞተ ሞተ፣ ከተረፈ ተረፈ። ከተረፈ ደግሞ ገንዳው የእሱ ርስት ይሆናል፤ በኋላ የሚገባውን ሁሉ ያባርራል፤ ለማውጣት ድንጋዩን በሙሉ ማፍረስ ግድ ነው። ክላውንፊሽ በሰው እጅ ይራባል፤ በገበያ ላይ ካሉት የባሕር ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ ግን ከባሕር የሚያዙ ናቸው። ከባሕር አውጥቶ፣ በላስቲክ ከረጢት ግማሽ ዓለም አሻግሮ፣ ለእኛ የአንድ ቀን ፎቶ ሲባል እንዲቃጠል ማድረግ አይዋጥልኝም።

«ዓሣ እኮ ነው እንጂ ሰው አይደለም» ያለኝ ሰው አለ። ልክ ነው። እኔም ዓሣ ጠብሼ እበላለሁ፤ በጾም ይበላል አይበላም እየተባለ ሌሊቱን ሲከራከሩ ከሚያድሩት አንዷ ነኝ። ግን ይህንን ልንበላው አይደለም የምናመጣው። በሕይወት አኑረን ልናሳየው ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እሱን መደበቅ አልፈልግም። ዛሬ በጠርሙስ የሚሸጥ ሕያው ባክቴሪያ አለ። ትኩስ ከሆነና በአግባቡ ከተቀመጠ ጊዜውን በእርግጥ ያሳጥራል። አንድ ሁለት ትንንሽ ዓሦችን ከመጀመሪያው ቀን ከባክቴሪያው ጋር አስገብተው የተሳካላቸው ሰዎችም አሉ። ግን እነዚያ ሰዎች በየቀኑ ይለካሉ፣ በጥቂቱ ይመግባሉ፣ አሞኒያ ከታየ በዚያው ምሽት ውኃ ለመቀየር የተዘጋጀ ጨዋማ ውኃ በርሜል ውስጥ አላቸው። እኛ ጋ ማን ነው እሱ? ባለፈው ዓመት ለዝግጅት የገዛነው ክራር ሁለት አውታሩ ተበጥሶ እዚያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ክራር ይጠብቃል። ዓሣ አይጠብቅም።

ሰጪያችንን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ሁላችንም ስለ እሳቸው እንጨነቃለን፤ የጠየቃቸው ግን የለም። እኚህ ሰው ገንዳውን ለዓመታት አቆይተውታል። ውኃ ከተሞላ 19 ቀኑ የሆነ ገንዳ ውስጥ አምስት ዓሣ ሲያዩ ደስ የሚላቸው ይመስላችኋል? ሲገቡ ቀኑን ነው የሚቆጥሩት። ሐሳቤ ይህ ነው፦ ቅዳሜ መብራቱ ይብራ፣ ፓምፑ ይሂድ፣ የየቀኑን የቀለም ውጤት በካርቶን ላይ ለጥፈን ከገንዳው አጠገብ እናቁም፤ የዕለቱን ምርመራ እሳቸው ያድርጉት። ያኔ ምናልባት አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ይኖራል። ዲያተም ይባላል፤ በአዲስ ገንዳ የተለመደ ነውና ማንም በስፖንጅ እንዳይፈትገው አደራ።

ለቀድሞ አባላት፦ ለዓሣ መግዣ ብላችሁ ገንዘብ ለመላክ የጠየቃችሁ አላችሁ፤ እግዜር ይስጥልን። እባካችሁ መጀመሪያ ለጨውና ለመመርመሪያ ይሁን፤ በተለይም ለውኃ ማጣሪያ፤ የከተማው ቧንቧ ውኃ ክሎራሚን ስላለበት አሁን የተጣራውን በጋሎን እየገዛን ነው የምናመላልሰው። የእኔ ትልቁ ሥጋት ግን ገንዘቡ አይደለም፤ በታኅሣሥ ኮሌጁ ሲዘጋና ሁላችንም ወደየቤታችን ስንሄድ እዚህ የሚቀረው ማነው የሚለው ነው። ለአራት ሳምንት በየሁለት ቀኑ መጥቶ የሚመግብና የተነነውን ውኃ የሚተካ ሰው ሳይገኝ፣ ሳይክሉ ቢያልቅም ዓሣ ባይገዛ እመርጣለሁ። የተራ መመዝገቢያው በሩ ላይ ተለጥፏል። እስካሁን የእኔና የአንዲት እህታችን ስም ብቻ ነው ያለበት።