ትንፋሽ ቆጣሪው የሚመሰክረው በማን ላይ ነው?

የሳንባ ሕመምተኛ ለቀጠሮ ሲመጣ ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም፤ «የሚሳበውን መድኃኒት በየቀኑ ትወስዳለህ?» ሕመምተኛውም «አዎ» ይላል።

አሜሪካ ውስጥ የአጫሾችን ሳንባ ያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ይህን «አዎ» ሊያጣሩ መድኃኒቱ በሚሳብበት መሣሪያ፣ በኢንሄለሩ ላይ ቆጣሪ ገጠሙ። መድኃኒቱ በተጫነ ቁጥር ቆጣሪው ቀኑንና ሰዓቱን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመው ውጤት ከተሳታፊዎቹ 73 በመቶው በቀን ሦስት ጊዜ እንወስዳለን ብለው ነበር፤ በአማካይ በቀን 2.5 ጊዜና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 15 በመቶው ብቻ ሆነው ተገኙ። 14 በመቶው ደግሞ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከ100 ጊዜ በላይ ተጭነዋል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ቀጠሮው ሲቃረብ። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት፣ ኢንሄለሩ ባዶ ሆኖ እንዲገኝላቸው መድኃኒቱን አየር ላይ ይረጩት ነበር።

ይህን ሰው ውሸታም ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ጣቱ እስኪዝል የተጫነው ቁጣ ፈርቶ እንደሆነ መገመት አይከብድም። እንዲህ የሚፈራ ሕመምተኛ ካለ፣ መጀመሪያ መታረም ያለበት የሐኪሙ አጠያየቅ ነው።

ያው ቆጣሪ ቁጣውን ትቶ ሲያስታውስ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። በኒውዚላንድ ኦክላንድ፣ አስም ተነሥቶባቸው ድንገተኛ ክፍል የገቡ ከ6 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 220 ልጆች ቆጣሪ የተገጠመለት ኢንሄለር ተሰጣቸው። ለግማሾቹ መሣሪያው ሰዓቱ ሲደርስ ይጮኻል፤ ለቀሩት ዝም ይላል። በ2015 በወጣው ውጤት የሚጮኽላቸው ልጆች ከታዘዘላቸው መድኃኒት 84 በመቶውን ወሰዱ፤ ሌሎቹ 30 በመቶውን። ከትምህርት ቤት በመቅረት ረገድ ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። መድኃኒት በሰዓቱ መወሰዱ ብቻውን ሁሉንም አይፈታም።

ትንፋሽ የሚያሳጥረው ነገር ከአየሩም ሊመጣ ይችላልና፣ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የባርሴሎና ታሪክ ነው። ከ1981 እስከ 1987 በዚያች ከተማ አስም በወረርሽኝ መልክ 26 ጊዜ ተነሥቷል። በአንድ ቀን ብዙ ሰው ትንፋሽ እያጠረው ሆስፒታል ይጎርፋል፤ በማግስቱ ነገሩ ጸጥ ይላል። ምክንያቱን ለማግኘት ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ የተደረሰበት ወደቡ ላይ ነው፤ መርከብ አኩሪ አተር ሲያራግፍ ማጣሪያ ከሌለው ጎተራ የሚወጣው ብናኝ ነበር ሰዉን የሚያፍነው። ማጣሪያው ሲገጠም ወረርሽኙ ቆመ። ያን ጊዜ ሕመምተኛው የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት ትንፋሽ እንዳጠረው ወዲያው ለሐኪሞቹ የሚነግር መሣሪያ አልነበረም።

ዛሬ የጠርሙስ ክዳን የምታክል ሴንሰር ኢንሄለሩ አናት ላይ ተቀምጣ ይህን በስልክ በኩል ትናገራለች። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ፣ ፕሮፔለር ሄልዝ የተባለው ኩባንያና የከተማው አስተዳደር ከ2015 እስከ 2017 ከአንድ ሺህ በላይ ለሚሆኑ ነዋሪዎች አደሏት። በ2018 በወጣው ዘገባ ትንፋሽ ሲያጥር የሚወሰደው አስቸኳይ መድኃኒት አጠቃቀም በ78 በመቶ ቀንሷል ተባለ። የሚያነጻጽሩት ሴንሰር ያልተሰጠው ቡድን ስላልነበረ ይህን ቁጥር በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል።

ትልቁ ነገር መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የመጣው ነው። ሰዎቹ የት የት እንደታፈኑ ከአየር ብክለቱ ጋር ተያይዞ ሲታይ፣ ጥያቄው «መድኃኒትህን ወስደሃል?» ከሚለው አልፎ ከተማው ራሱ ዘንድ ደረሰ። ዛፍ እንዲተከል፣ ብክለት የሚያወጡ ቦታዎች ከመኖሪያ እንዲርቁ፣ ለከባድ መኪኖች የተለየ መንገድ እንዲመከርላቸው፣ አስም የሚብስበት ቀን ለነዋሪው አስቀድሞ እንዲነገር ሐሳብ ቀረበ። ይህን ሐሳብ ያስነሣው ከእነዚያው ትንፋሻቸው ሲቆጠር ከከረሙት ሰዎች የተሰበሰበው መረጃ ነበር።